ከሆስፒታል በር ማዶ፦ ስቶማ ላለባቸው ሰዎች የቤት ለቤት የነርስ ድጋፍ በደሴና በኮምቦልቻ



 የዛሬው ርእሴ በቀዶ ሕክምና ትምህርት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሰጠው፣ በታማሚው ቤት ግን የዕለት ተዕለት ኑሮ የሆነ ጉዳይ ነው። የምሟገትለት ሐሳብም አንድ ነው፤ ስቶማ ለተሠራለት ሰው የቤት ለቤት የነርስ ድጋፍ የሕክምናው አካል እንጂ ሲመች የሚጨመር በጎ ሥራ አይደለም።

«ስቶማ» በግሪክኛ አፍ ማለት ነው። በቀዶ ሕክምና አንጀት ወደ ሆድ ቆዳ ተስቦ ሰገራ እንዲወጣበት የሚበጀው ቀዳዳ በዚህ ስም ይጠራል። ከትልቁ አንጀት ሲሆን ኮሎስቶሚ፣ ከትንሹ አንጀት ሲሆን ኢሊዮስቶሚ ይባላል። በአገራችን ወደዚህ ከሚያደርሱት ምክንያቶች መካከል የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ፣ የአንጀት ካንሰር፣ የሆድ ጉዳትና ሕፃናት ያለ ፊንጢጣ መወለድ ይገኙበታል። የተጠመዘዘ አንጀት ደም አጥቶ ሲበሰብስ ጊዜ አይሰጥም። ሌሊት በሆድ ቁርጠት የመጣ ገበሬ ሲነቃ ሆዱ ላይ ከረጢት ያገኛል። አስቀድሞ ምክር የማግኘት ዕድል ስለማይኖረው ማስተማሩ ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይወድቃል። ያም ጊዜ ቁስሉ የሚያመውና ልቡ የተሰበረበት ጊዜ ነው።

ቤት ሲደርስ ምን ያስፈልገዋል? ስቶማው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 8 ሳምንታት እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ በሆስፒታል የተለካው የከረጢት ቀዳዳ በወሩ ይሰፋበታል፤ ሰገራው ቆዳውን ይነካል፣ ቆዳው ይላጣል፣ በተላጠ ቆዳ ላይም ከረጢቱ አይጣበቅም። ይህን አዙሪት የሚሰብረው እየለካ የሚያስተምር ሰው ነው። ጤናማ ስቶማ እርጥብና ቀይ ሲሆን፣ ከጠቆረ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ያስኬዳል። ኢሊዮስቶሚ ያለበት ሰው ደግሞ ውሃና ጨው በብዛት ያጣል። በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ሲወጣው ንጹሕ ውሃ ብቻ መጠጣት አይበቃውም፤ ኦ.አር.ኤስ. ያስፈልገዋል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ለመጾም ሲያስብ አስቀድሞ ከጤና ባለሙያ ጋር መመካከር የሚኖርበትም ስለዚህ ነው።

ሁለቱ ከተሞቻችን ተጎራባች ቢሆኑም አንድ ዓይነት ምክር አይበቃቸውም። ደሴ ደጋ ናት፤ በዳገቷ ላይ ውሃ በጀሪካን የሚቀዳ ቤተሰብ ከረጢት ማጠብን እንደ ቀላል ነገር አይቆጥረውም። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ናት፤ ላብ የከረጢቱን ማጣበቂያ ያላላል። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም በሌላ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። በሥራ ሰዓት ወደ መጸዳጃ መውጣት ይፈቀድልኛል ወይ? ከባድ ዕቃ ባነሣ በስቶማው ዙሪያ አንጀቴ ይገፋ ይሆን? እነዚህ ጥያቄዎች በሐኪም ፊት እምብዛም አይነሡም። የሚነሡት በቤት፣ ነርሷ ስትቀመጥ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከሰው መለየት ነው። ከተማሪዎቼ ጋር በጎበኘኋቸው ቤቶች ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። ሰውየው ሽታ ይኖረኛል ብሎ ከቡናው ይቀራል፤ ቀጥሎ ከቅሬው፣ ከዚያም ከለቅሶው ይቀራል። በወሎ ከቅሬ የቀረ ሰው ከአገር የወጣ ያህል ነው። ሙስሊሙ «ውዱኤ ይቆምልኛል ወይ?» ብሎ ይጨነቃል፤ ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን መሳለምን ይፈራል። ነርስ የሃይማኖት ብይን አትሰጥም፤ ታማሚውን ግን ከሚያውቁት ጋር ማገናኘት ትችላለች። በእስልምና ሕግጋት የሚወጣውን መቆጣጠር የማይችል ሰው ባለ ዑዝር ተብሎ የሚስተናገድበት ሥርዓት እንዳለ ከሼሁ መስማት፣ ወይም ከንስሐ አባት ጋር በግልጽ መነጋገር፣ ብዙ መድኃኒት የማይሠራውን ይሠራል።

የዚህ ሙያ ታሪክም ትምህርት ይሰጠናል። በ1958 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ቀዶ ሐኪሙ ሩፐርት ተርንቡል ስቶማ ያለባቸውን ሰዎች እንድትረዳ ኖርማ ጊልን ቀጠሩ። ጊል ነርስ አልነበረችም፤ ራሷ ኢሊዮስቶሚ ያለባት፣ የተርንቡል ታካሚ የነበረች ሴት ናት። የዚህ ዘርፍ ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። እውቀቱ ከኖረበት ሰው ተነሥቶ ወደ ባለሙያው ሄዷል ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ሳያስፈልግ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ታማሚው ወይም አስታማሚው ከረጢቱን በገዛ እጁ ቀይሮ ሳያሳይ ከሆስፒታል አይውጣ። ሁለተኛ፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ስቶማ ይሠልጥኑ፤ የመጀመሪያው ጉብኝትም ታማሚው በወጣ በሳምንቱ ውስጥ ይሁን። ሦስተኛ፣ ከስቶማ ጋር ኖሮ የተላመደ ሰው ፈቃደኛ ሲሆን አዲሱን ታማሚ እንዲያነጋግር ይደረግ። ከረጢት በማይገኝበት ጊዜ ሰዎች ፌስታልና ጨርቅ ይጠቀማሉ። ያን ጊዜ ነርሷ ከመገሠጽ ይልቅ ቆዳው እንዳይጎዳ ብታስተምር ይሻላል።

ውድ ተማሪዎች፤ ብዙዎቹ ስቶማዎች ጊዜያዊ ናቸው፤ ኋላ ይዘጋሉ። ሆኖም ቤቱ ተሸሽጎ የከሳና ቆዳው የተላጠ ሰው ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በቀጠሮው ላይደርስ ይችላል። የቀዶ ሐኪሙ ድካም ፍሬ የሚያፈራው እናንተ የዚያን ሰው በር ስታንኳኩ ነው። ስትገቡም ከረጢቱን ከማየታችሁ በፊት ባለፈው ሳምንት ከቤት ወጥቶ እንደሆነ ጠይቁት።