ዘጠነኛው እርምጃ



የጅማን ትምህርት በአንድ ቃል ግለጪ ብባል «ከግቢ መውጣት» እላለሁ። ቲቲፒ ወጥተን አጋሮ ላይ ቤት ለቤት ስንዞር ጭቃው ጫማ ያላስቀረበት ማን አለ? ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለተማርኩት ሳይሆን ስላጎደልኩት ነው።

ተመርቄ በተመደብኩበት ሆስፒታል አንድ የ14 ወር ሕፃን በከባድ የምግብ እጥረት ተኝቶ ነበር። ኤፍ 75 ጀመርንለት፣ ወደ ኤፍ 100 አሻገርነው፣ እብጠቱ ጠፋ፣ ክብደቱ ጨመረ። ራውንድ ላይ እናቱ «ዶክተር፣ አይስቅም እኮ፤ ምን ላድርገው?» አለችኝ። «ክብደቱ ጥሩ ነው፣ አይዞሽ እህቴ» ብያት አለፍኩ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። «አናግሪው፣ እሹሩሩ በዪው፣ ሲያይሽ እዪው» ብላት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሕክምና ያወጣቸውን 10 እርምጃዎች እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድደናቸዋል። 1ኛው የስኳር ማነስ፣ 2ኛው የሰውነት ቅዝቃዜ... 9ኛውስ? ልጁን ማጫወትና ፍቅር መስጠት ነው። ለወተቱ ግዢ አለ፣ ለመድኃኒቱም አለ። ለ9ኛው ግን እኔ በሠራሁባቸው ዋርዶች ሰውም ሰዓትም ተመድቦለት አላየሁም። በጀት የሌለው ሥራ ደግሞ የማንም ሥራ አይደለም።

ነገሩ የርኅራኄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በኪንግስተን፣ ጃማይካ፣ የጤና ሠራተኞች የቀነጨሩ ሕፃናት ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ2 ዓመት እየሄዱ እናቶችን በቤት ውስጥ በተሠራ መጫወቻ ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያጫውቱ አሳዩአቸው። ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚያ ልጆች ገቢ ጉብኝቱን ካላገኙት እኩዮቻቸው 25 በመቶ በልጦ ተገኘ።

እኛ አገር በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ፖሊሲ አልጎደለንም፤ የቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጎደለው ደመወዝ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ሲጀመር ቀበሌ ድረስ የዘለቀው መንግሥት ሰው ቀጥሮ ስለከፈለ ነው። ኤክስቴንሽኗ ላይ ሌላ ሥራ ይጨመር ማለቴ ግን አይደለም፤ ያላትም በዝቶባታል። አዲስ አበባ ወላጆችን ቤት ለቤት የሚያማክሩ ሠራተኞች ማሰማራት ጀምራለች። አጋሮስ? ሸቤስ?

ስለዚህ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። በጤና ቢሮና በወረዳ ያላችሁ፣ ለቀጣዩ በጀት ስትቀመጡ ለወላጆች ትምህርት የራሱ የሥራ መደብና ደመወዝ ይያዝለት ብላችሁ ተከራከሩ። መምህሮቻችን ደግሞ ተማሪውን 9ኛውን እርምጃ ጠይቁት። ፈተና ላይ ያልመጣ ነገር ራውንድ ላይም እንደማይመጣ እናንተም እኛም እናውቃለን።