የጥንቱ ብራናና የዛሬው ሠዓሊ



ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በእንግሊዝ አገር ሥነ ጥበብ ከተማሩ በኋላ፥ በለንደን፥ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ሥዕል ያለባቸውን የኢትዮጵያ ብራናዎች መርምረው አጠኑ። ነገር ግን ያዩትን በመገልበጥ ብቻ አልቀሩም። በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው ለአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል ሠርተው፥ የአፍሪካን ያለፈ ታሪክ፥ የነጻነት ትግልና የወደፊት ተስፋ አሳዩበት።

እንግዲህ ከጥንቱ መዝገብ የምንማረው ምንድን ነው? በብራና ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ደግ ሰው በሁለት ዓይን፥ ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህን የሚገለብጥ ተማሪ መልኩን ብቻ ያገኛል፤ «ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የሠዓሊውን አሳብ ያገኛል፤ በዚያም የራሱን ዘመን መሣል ይችላል።

ለዚህም ባሕር መሻገር አያሻንም። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና ወመዘክር እየተባለ የሚታወቀው ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ የብራና መጻሕፍት ይዟል። ቅርስ ተቆልፎ ቢቀመጥ እንደ ተቀበረ መክሊት ነው። ስለዚህ ደብተርና እርሳስ ይዘን እንሂድ፤ አይተን እንጠይቅ፤ ጠይቀንም የራሳችንን እንሥራ።