ግብረ ገብ በንግድ ትምህርት ቤት

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



ግብረ ገብ የሚባለውን ትምህርት ብዙዎቻችን የምናውቀው ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ታላቅን ማክበር፣ የሰው ገንዘብ አለመንካት፣ እውነትን መናገር በዚያ ይሰጥ ነበር፤ ልጁም ይህን በቃሉ ካጠና በኋላ ወደ ሒሳቡና ወደ ጂኦግራፊው ይሻገራል። ስለዚህ በውጭ አገር ባሉት ከፍተኛ የንግድ ትምህርት ቤቶች፤ ዕድሜያቸው ወደ ሠላሳ የተጠጋ፣ በየድርጅቱ ኃላፊነት የያዙ ሰዎች ለማስትሬት ዲግሪ ሲቀመጡ ግብረ ገብን ተመዝግበው ይማራሉ ቢባል ሰሚው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ወዳጄም ይህን በሰማ ጊዜ፤ «በእናቱ ጉልበት ያልታረመ ሰው በሠላሳ ዓመቱ በክፍል ውስጥ ይታረማልን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከባድ ሆኖ ስላገኘሁት፤ ለእርሱ ብቻ ከምመልስ ለሁሉም ብናገረው ይሻላል ብዬ ይህን አሰናዳሁ።

በመጀመሪያ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ ማወቅ ያስፈልጋል። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ትምህርት ቤት የተለመደውና ወደ ሌሎቹም የተዛመተው ዘዴ ከሕግ ትምህርት የተወሰደ ነው። የሕግ ተማሪ የፍርድ ቤት መዝገብ እያነበበ እንደሚማር ሁሉ፤ የንግድ ተማሪም በእውነት የደረሰ ጉዳይ ተጽፎ ይሰጠውና በክፍል ይከራከርበታል። መምህሩ መልሱን አይናገርም፤ «አንተ በዚያ ሥራ አስኪያጅ ወንበር ብትቀመጥ ምን ትወስን ነበር?» እያለ ይጠይቃል እንጂ። በቃል አጥንቶ መገላገል የለም።

ከሚያጠኗቸውም ትምህርቶች አራቱ ተጎራባቾች ናቸው። ስትራቴጂ ከጦር ሜዳ የመጣ ቃል ሲሆን፤ ድርጅቱ የትኛውን ሥራ እንደሚይዝና የትኛውን እንደሚተው መወሰን ነው። ሁለተኛው የመንግሥት ፖሊሲ ነው፤ ይኸውም ሕጉ፣ ግብሩና ቁጥጥሩ ነጋዴውን የሚነካበት፣ ነጋዴውም በፈንታው ሕጉን የሚነካበት መንገድ ነው። ዘላቂነት የሚሉት ደግሞ የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የሚመጣውን ትውልድ ድርሻ እንዳያጠፋበት መጠንቀቅ ሲሆን፤ የኖርዌይዋ ግሮ ሃርሌም ብሩንትላንድ የመሩት የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በ1987 ይህን ሐሳብ በዓለም አሰምቶታል። ግብረ ገብን ግን አንባቢ ያውቀዋል።

በእነዚህ ትምህርቶች ውስጥ የቆየ ክርክር አለ። ሚልተን ፍሪድማን የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት እንደጻፉት፤ ሥራ አስኪያጅ የባለአክሲዮኖች ተቀጣሪ ስለሆነ ሕግንና የአገር ደንብን ጠብቆ ትርፍ ከማብዛት በቀር ሌላ ማኅበራዊ ኃላፊነት የለበትም፤ ልመጽውት ቢልም የሚመጸውተው ከሌላ ሰው ኪስ ነው። በዚህ አንጻር ኤድዋርድ ፍሪማን በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፤ ድርጅት የሚኖረው በባለአክሲዮኑ ብቻ ሳይሆን በሠራተኛው፣ በደንበኛው፣ ዕቃ በሚያቀርብለትና በአካባቢው ሕዝብ ጭምር ስለሆነ የሁሉንም ጥቅም አስማምቶ መሄድ አለበት ብለዋል። የፍሪድማንን ቃል ጭካኔ ነው ብለው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን አልቸኩልም። በሰው ገንዘብ ቸር መሆን ቀላል እንደ ሆነ ማንም ሹም ያውቃልና።

አሁን ወደ አንዱ ጉዳይ ልምጣ። በብዙ የንግድ ትምህርት ቤቶች ይጠናል፤ የኛንም አገር ይነካል።

የወንዝ ዳር ዓይነ ሥውርነት የሚባለው በሽታ ፈጥነው በሚወርዱ ወንዞች ዳር የምትራባ ጥቁር ዝንብ የምታመጣው ነው። ዝንቢቱ ስትነክስ ትል ታስገባለች፤ ሴቲቱ ትል ከቆዳ ሥር በእባጭ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ትኖራለች፤ የምትወልዳቸው ለዓይን የማይታዩ እጮችም በሰውነት ተሠራጭተው ቆዳን ያሳክካሉ፣ ያበላሻሉ፤ ዓይን ውስጥም ገብተው ሲሞቱ ብርሃን ያጠፋሉ። በምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ለም የወንዝ ዳር መሬታቸውን ጥለው ወደ ደረቅ ኮረብታ የሸሹት በዚሁ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያም በሽታው በካፋ፣ በሸካ፣ በጅማና በኢሉባቦር ወንዞች አካባቢ የኖረ ሲሆን፤ በኛ ዘንድ ይበልጥ የታየው ዓይን በማጥፋት ሳይሆን ሌሊት እንቅልፍ በሚነሳው እከኩ ነው።

ሳቶሺ ኦሙራ የተባሉት ጃፓናዊ ሊቅ ከአገራቸው አፈር ያገኙት አንድ ረቂቅ ተሕዋስ፤ ሜርክ በተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ሠሪ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተመርምሮ አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት አስገኘ። ይህ መድኃኒት በ1981 ለገበያ የወጣው ለከብት፣ ለበግና ለፈረስ ነበር፤ ብዙ ትርፍም አመጣ። ነገር ግን የኩባንያው ሳይንቲስት ዊልያም ካምቤል፤ መድኃኒቱ በፈረስ ቆዳ ውስጥ የሚኖር ተመሳሳይ ትል እንደሚገድል አይተው፤ ለሰውም ይሆን ይሆናልና ይሞከር ብለው በ1978 ለምርምር ክፍሉ አለቃ ለሮይ ቫጄሎስ አመለከቱ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በቫጄሎስ ወንበር ተቀመጥ። ሙከራው ዓመታትና ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል። ቢሳካ፤ በሽታው ያለበት ሰው መድኃኒቱን መግዣ ገንዘብ የለውም፤ ገንዘብ ያለውን አገር ደግሞ በሽታው አይነካውም። ባይሳካና በሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ፤ ወሬው የከብቱን መድኃኒት ገበያ ሊያበላሽ ይችላል። ፍሪድማን ምን ይሉ ነበር? በሌላ ወገን ግን ሙከራው ቢከለከል፤ ሌሊትና ቀን የሚደክሙት ሳይንቲስቶች ምን ብለው ያስባሉ? የኩባንያው አለቃ የነበሩት ጆርጅ መርክ በ1950 ባደረጉት ንግግር፤ መድኃኒት ለሰው የተሠራ ነው፣ ትርፍም የሚከተለው ይህ ሲታሰብ ነው ብለው ነበርና ቃሉ በቤቱ ውስጥ ሲነገር ኖሯል።

ቫጄሎስ ፈቀዱ። በ1981 ዶክተር መሐመድ አዚዝ የመጀመሪያውን ሙከራ በሴኔጋል በዳካር አካሄዱ፤ ውጤቱም ከታሰበው በላይ ሆነ። ከዚህ በኋላ ኩባንያው መድኃኒቱን ገዝቶ የሚያድል መንግሥት ወይም ማኅበር ቢፈልግ አላገኘም። በመጨረሻም በጥቅምት 1987፤ መድኃኒቱ ለሚያስፈልገው ሁሉ፣ የሚያስፈልገውን ያህል፣ እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቀ።

አብዛኛው ሰው ይህን ታሪክ ሲተርክ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ይመስለኛል። መድኃኒቱ በአሜሪካ መጋዘን ቢከመር ለካፋ ገበሬ፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ መሆኑ ነው። መንገድ የለም፣ ሐኪም የለም፣ ሚዛን እንኳ የለም። መድኃኒቱ የሚገድለው እጮቹን እንጂ እናቲቱን ትል ስላልሆነ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ፣ እርስዋ እስክታረጅ ድረስ ለብዙ ዓመታት መዋጥ አለበት። ይህን ኩባንያ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም ባንክ፣ የየአገሩ የጤና ሚኒስቴርና በጎ አድራጊ ማኅበሮች ተባበሩ፤ ከ1995 እስከ 2015 በአፍሪካ የተካሄደው ፕሮግራምም መንደሩ ራሱ አዳዩን እንዲመርጥ አደረገ። አዳዩ ሐኪም አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ሰውን በሚዛን ፈንታ ምልክት በተደረገበት በትር አጠገብ አቁሞ፤ ቁመቱ በደረሰበት ምልክት ልክ ፍሬዎቹን ቆጥሮ ይሰጠዋል። በኢትዮጵያም ዕደላው በካፋና በሸካ የተጀመረው በ2001 ነው።

ስጦታው ንጹሕ ምጽዋት ነበርን? የአሜሪካ የግብር ሕግ ለእንዲህ ያለው ስጦታ ቅናሽ ይፈቅዳል፤ ኩባንያውም መልካም ስም አትርፏል። ይህን ሰምተው የሚያዝኑ ሰዎች አሉ። እኔ አላዝንም፤ ለብዙ አሥር ዓመታት መቀጠል ያለበት ነገር በአንድ አለቃ ደግነት ላይ ብቻ ቢቆም፤ አለቃው ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይወጣ ነበር። ቫጄሎስ በ1994 ሄዱ፤ መድኃኒቱ ግን መምጣቱን አላቋረጠም። ካምቤልና ኦሙራ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ኮሎምቢያ በ2013፣ ኢኳዶር በ2014፣ ሜክሲኮ በ2015፣ ጓቴማላ በ2016፤ ከአፍሪካም በመጀመሪያ ኒጀር በ2025 በሽታው ከምድራቸው መጥፋቱ ተረጋግጦላቸዋል።

ነገር ግን የዚሁ ኩባንያ ሁለተኛ መዝገብ አለ፤ ተማሪዎቹም ያነቡታል። በ1999 ቫዮክስ የተባለ የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት አወጣ፤ በ2003 ብቻ ሽያጩ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ ነበር። በ2000 የታተመ ጥናት ቫዮክስን የወሰዱት ሰዎች ሌላ የቆየ መድኃኒት ከወሰዱት ይልቅ ድንገተኛ የልብ ሕመም እንደ በዛባቸው አሳየ። ኩባንያውም የቆየው መድኃኒት ልብን ስለሚጠብቅ ነው እንጂ ቫዮክስ ጎድቶ አይደለም የሚል ትርጉም ሰጠው። ትርጉሙ ሊሆን የማይችል አልነበረም፤ ግን ለሻጩ የሚመቸው ትርጉም ነበር። ጉዳዩ በመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ የሰፈረው በ2002 ነው። መስከረም 30 ቀን 2004 ሌላ ጥናት አደጋውን ግልጽ ስላደረገው ኩባንያው መድኃኒቱን ከገበያ አወጣ፤ በ2007ም ጥፋቱን ሳያምን ለከሳሾች 4.85 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ያ ሁሉ መልካም ቃል በ1950 ተነግሮ፣ ያ ሁሉ ስጦታ በየዓመቱ እየተላከ ሳለ ይህ እንዴት ሆነ? ይህን ለወዳጄ ለነጋዴው ብነግረው ብዙ አላሰበም። «ሊሸጥ የማይችለውን መስጠት አይከብድም፤ የሚሸጠውን ማቆም ነው የሚከብደው» አለኝ። እኔም የመጀመሪያውም ውሳኔ በ1978 እንዲህ ቀላል እንዳልነበረ አስረዳሁት፤ ሆኖም ቃሉን ማፍረስ አልቻልኩም። ክፍሉ ውስጥ ቢገኝ መምህሩ በደስታ ይቀበለው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፤ በመጋዘኑ ውስጥ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ሊያልፍ ሁለት ወር ብቻ የቀራቸው የዘይት ጀሪካኖች እንዳሉትና አንድ የክፍለ ሀገር ደንበኛ ሁሉንም ልውሰድ እንዳለው ነገረኝ። ደንበኛው ቀኑን አይቶ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። አላየም አለኝ፤ ሒሳቡንም ከፍሎ ተነሣ።