ልጅሽ ምን ትሠራለች?
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ሳፍርበት ስለኖርኩት ነገር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ስትሉኝ፣ «ኮምፒውተር ላይ ነች» እያልኩ አልፌያችኋለሁ። ልጄ ዲጄ ናት። ሐውስና ቴክኖ የሚባል ሙዚቃ ታጫውታለች። በዚህ ወር ለመሣሪያ መግዣ የብድር ማመልከቻ ለማኅበራችን አስገብታለች። እናቷ ስለሆንኩ ድምፅ አልሰጥም። ግን የምትወስኑበትን ሙያ እንድታውቁት እፈልጋለሁ፤ እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

«ዘፈን መክፈት ደግሞ ምን ሙያ ይጠይቃል?» ብያት ነበር። አንድ ቀን ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ሁለት ማጫወቻ አለ። አንዱን ሕዝቡ ይሰማዋል፤ ሁለተኛውን እሷ ብቻ በጆሮ ማዳመጫ ታዳምጠዋለች። የሐውስ ምት በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ግድም ነው። ሁለቱ ዘፈኖች እኩል እስኪራመዱ ፍጥነታቸውን ታስተካክላለች፤ ከዚያ አንዱን ቀስ እያለች እየቀነሰች ሌላውን ታስገባለች። ትንሽ ከተዛነፈ የሚጨፍረው ሰው እግሩ ይጠፋዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሁለት ጨርቅ መጋጠሚያው ሳይታወቅ ማገናኘት ምን ያህል ዓመት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። በሠርግ ቤትም ጎበዝ አውራጅ የሰዉን ድካም አይታ ዘፈን ትለውጥ የለ? የልጄም ሥራ ያው ነው።

ይህ ሙዚቃ የቅንጦት ልጆች ፈጠራም አይደለም። ሐውስ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ከተማ ከተከፈተው «ዌርሃውስ» ከተባለ ጭፈራ ቤት ነው፤ ዲጄውም ፍራንኪ ነክልስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ቴክኖን ደግሞ በ1980ዎቹ የጀመሩት የመኪና ፋብሪካ ከተማ በሆነችው በዲትሮይት አካባቢ ያደጉ ጥቁር ወጣቶች ናቸው።

ልጄ ግድግዳዋ ላይ ፎቶዋን የለጠፈቻት ኬሊ ሃንድም የዲትሮይት ልጅ ናት። ወንዶች በሞሉበት ሙያ እ.ኤ.አ. በ1990 የራሷን ሙዚቃ ማሳተሚያ አቋቋመች። ኋላ ስሙ «አካሺያ» ሆነ፤ በእኛ ግራር ማለት ነው። በ1995 የመጀመሪያ አልበሟ ወጣ። የከተማዋ ምክር ቤት «የዲትሮይት ቀዳማዊት እመቤት» ብሎ ያከበራት ግን በ2017 ነው። በ2021 በ56 ዓመቷ አረፈች። ማሳተሚያውን ካቋቋመችበት እስከተከበረችበት ስትቆጥሩት 27 ዓመት ነው። ክብሩ ቢዘገይም ሥራዋ በራሷ እጅ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሚካኤል ሰይፉ የተባለ የአዲስ አበባ ልጅ አሜሪካ ተምሮ ተመለሰና የአገራችንን የባህል ሙዚቃ ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አዋሐደ። እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ሥራ ስሙ «ያራዳ ልጅ» ነው፤ ያሳተመለትም ዋሽንግተን ዲሲ ያለ አነስተኛ ማሳተሚያ ነው። በ2016 «ዘላለም» ተከተለ። «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም በዚሁ መንገድ ይታወቃል። ሙዚቃቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ይሉታል። በዲጄነቱ የምናውቀው ሮፍናንም በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ የስንቶቻችን ልጆች በቃላቸው ይዘውት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ልጄ እንደምትለው የሐውስ ምት በአራት ይሄዳል፤ የእስክስታችን ምት ደግሞ በሦስት በሦስት ይከፈላል። ሁለቱን ሳያጣሉ ማስኬድ ነው ፈተናው።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አንድ ቤት አጫወተች። «ሂሳቡን ሰኞ ነይ» አሏት። ያን ሌሊት ለታክሲ የሚሆን ብር በእጇ ስላልነበረ በእግሯ መጣች። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ በር ላይ ቆሜ ነበር። የካቲት 12 አደባባይን ተሻግራ ብቻዋን ስትመጣ ሳያት ጉልበቴ ከዳኝ። ሰኞ ሄደች፤ ሐሙስም ሄደች፤ አልከፈሏትም። የተፈራረሙት ወረቀት ስለሌለ የምትከራከርበት ነገር አልነበራትም።

ተቆጣሁ። «በቃ! አርፈሽ ቁጭ በይ!» አልኳት።

«እማዬ፣ ቀሚስ አሰፍቶሽ የከለከለሽ ሰው ስንት አለ? መስፋት ተውሽ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው። የተበደለችው በሙዚቃው አይደለም። የተበደለችው ያለ ውል በመሥራቷ፣ ያለ ቀብድ በመሥራቷና መመለሻዋን ሳታዘጋጅ በመውጣቷ ነው። እነዚህ ደግሞ የእንጀራ ጋጋሪዋም፣ የሠርግ ወጥ ሠሪዋም፣ የእኔም ችግሮች ናቸው። እናውቃቸዋለን፤ መድኃኒታቸውንም እናውቃለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ማመልከቻዋን እንደ ማንኛውም ሙያ መዝኑት፤ ገቢዋን፣ ዋሷን፣ የመክፈያ ጊዜዋን ጠይቁ። ካላሟላች ከልክሏት፤ አልቀየምም። «የሌሊት ሥራ ነው፣ ሰው ምን ይላል» ብላችሁ ግን አትከልክሏት። ሁለተኛ፣ ለእሷም ሆነ ለሌሎች ሴት ልጆቻችን አንድ ገጽ የውል ወረቀት እናዘጋጅ። ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ፣ የመመለሻ ትራንስፖርት ደግሞ በአሠሪው ይሁን የሚል።

ባለቤቴ ያረፉ ጊዜ ይህ ማኅበር የስፌት መኪና መግዣ አበደረኝ። ያኔም «ሐዘን ላይ ያለች ሴት ምን ሠርታ ትከፍላለች?» ያለ ነበር። በ14 ወር ከፍዬ ጨረስኩ። ልጆቼን ያሳደገችው ያቺ መኪና ናት።

ከእንግዲህ «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ብትሉኝ «ዲጄ ናት» እላችኋለሁ። አሁን እናንተ ተነጋገሩበት፤ እኔ ውጪ ሆኜ ቡናውን አፈላለሁ።