የመንገድ ክፍያና የሾፌር ሂሳብ

(በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የተነሣው ሐሳብ ሳይቋጭ አድሯል። እንደሚታወቀው ከተማችን ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ናት። ሐሙስ ሐሙስ ገበያተኛው፣ አህያው፣ ጋሪውና ባጃጁ አስፋልቱን ሲያጣብቡት፣ የጭነት መኪናዎች በሠፈራችን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሾልካሉ። ጠጠሩ አለቀ፤ ልጆችም ደጅ መጫወት ፈሩ። ስለዚህ «ገመድ እንዘርጋና የሚያልፈውን እናስከፍል» ተባለ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ከመወሰናችን በፊት ክፍያ ሾፌሩን ምን እንደሚያደርገው እንመርምር።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት እዚሁ ከኛ በላይ ይፋግ ታላቅ ገበያና የቀረጥ ኬላ ነበረች። ታዲያ ሲራራ ነጋዴ ቀረጡ ሲከብደው ምን ያደርግ ነበር? ቀረጡን ከመንገዱ ድካምና ከሽፍታው ሥጋት ጋር ያመዛዝንና፣ ካዋጣው በቅሎውን በሌላ በኩል ይነዳ ነበር። ኬላ መስበር የሚባለው ይኸው ነው።

የዛሬውም ሾፌር ሂሳቡ ያው ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአገራችን የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ ሆነ። የሚከፈለው እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ ተጓዘው ርቀት ነው። በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ግን ያለ ክፍያ ክፍት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ጊዜው ገንዘቡ የሆነ ሰው ከፍሎ ይሮጣል። ዱከም ላይ ሰው ጭኖ ቢሾፍቱ ለሚያወርደው ግን ፈጣኑ መንገድ ምኑም አይደለም፤ አሮጌውን ይዞ ይጓዛል።

ከውጭ አገር ደግሞ የስዊድንን ዋና ከተማ ስቶክሆልምን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለሰባት ወር ያህል ወደ መሀል ከተማ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና በሙከራ አስከፈለች። በግፊያው ሰዓት ክፍያው ይጨምራል፤ ሌሊት የለም። በመግቢያዎቹ የሚያልፈው መኪና ከመቶ 20 ያህል ቀነሰ። ሙከራው ሲያበቃ መኪናው እንደገና በዛ፤ በዓመቱ ክፍያው ተመልሶ ቋሚ ሆነ። ልብ በሉ፣ እዚያ አስቀድሞ አውቶቡስ ተጨምሮ ነበር፤ መኪናውን ለተወ ሰው ሌላ መሄጃ ተዘጋጅቶለታል።

እንግዲህ ወደራሳችን እንመለስ። ገመዱን የምንዘረጋው ለገንዘብ ነው ወይስ ለሰላም? ሣጥኑ ከሞላ መኪናው አልቀረልንም ማለት ነው፤ መኪናው ከቀረ ደግሞ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። አንድ ገመድ ሁለቱንም አይሠራም። መኪናው ከኛ ቢሸሽስ የት ይሄዳል? አስፋልቱ እንደሆነ ተጣቧል፤ ስለዚህ የታችኛው ሠፈር ልጆች ላይ ይወርዳል። እነሱም በተራቸው ገመድ ይዘረጋሉ። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሾፌር ቆሞ ሲከራከር፣ መልስ ሲጠብቅ፣ ሰልፉ አውራ ጎዳናው ድረስ ይደርሳል። ደግሞም በመንገድ ላይ ማስከፈል ሕግ የሰጠው አካል ሥራ እንጂ የሠፈር ማኅበር ሥልጣን አይደለም።

ስለዚህ በኔ በኩል የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ሦስት ተከታታይ ሐሙስ ስንት መኪና፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ጭኖ እንደሚያልፍ እንቁጠር።

2ኛ/ ቆጠራውን ይዘን ለማዘጋጃ ቤት እናመልክት። የጭነት ማራገፊያ ቦታ ከገበያው ዳር እንዲለይ፣ በገበያ ሰዓትም ከባድ መኪና ወደ ሠፈር እንዳይገባ እንጠይቅ።

3ኛ/ የታችኛው ሠፈር ሰዎች አብረውን ይፈርሙ።

መንገዱ ሲጨናነቅ የሾፌሩ መሹለክ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የሚያዋጣውን ማስላቱ ነው። የሚያዋጣ ሌላ መንገድ ከተሰጠው ያለ ገመድም ከደጃችን ይርቃል። ለቆጠራው ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ በተለይ ወጣቶች፣ በሚመጣው ሐሙስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ወደ ሠፈራችን መግቢያ እንድትመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።