ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት
በምድር ቤት ስለሚሠራ የቤት ሲኒማ የሽቦ ዝርጋታ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ቅዝቃዜ በሚበረታባቸው የሰሜን አሜሪካ አካባቢዎች ብዙ መኖሪያ ቤቶች በተለምዶ ቤዝመንት የሚባል ምድር ቤት አላቸው። ይህ ክፍል አዘውትሮ ግድግዳው ባዶ ኮንክሪት፣ ጣሪያው ያልተሸፈነ አግዳሚ እንጨት እንደሆነ ለባለቤቱ ይተላለፋል። ባለቤቱ፣ በዚያ የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ ጨምሮ፣ አቅም ሲያገኝ ክፍሉን አስጨርሶ የእንግዳ መቀበያና የቤት ሲኒማ ያደርገዋል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከሥራው ቅደም ተከተል ነው። አስቀድሞ የሚመረጠው ቴሌቪዥኑና ምንጣፉ ነው፤ ሽቦው የሚታሰበው የጂፕሰም ቦርዱ ተመትቶ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ገመድ እንደተንጠለጠለ መኖር ወይም አዲሱን ግድግዳ መቅደድ ግድ ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ከሁሉ በፊት የኮንክሪቱ እርጥበት መወገድ አለበት፤ ውኃ በሚሰርግበት ግድግዳ ላይ የሚዘረጋ ሽቦ ከንቱ ድካም ነውና። ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ከተመልካቹ መቀመጫ ይነሣል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር መሠረት፣ ከመቀመጫው ሲለካ የፊት ግራና ቀኝ ድምፅ ማጉያዎች ከመካከለኛው መስመር በ30 ዲግሪ፣ የጎኖቹ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀመጣሉ። መቀመጫው ካልታወቀ የሽቦው መድረሻም ሆነ ርዝመት አይታወቅም።

ርዝመቱ ውፍረቱን ይወስናል። በአሜሪካ መለኪያ ቁጥር 16 የሆነ የመዳብ ሽቦ 15 ሜትር ሲዘረጋ፣ ደርሶ መልሱ 30 ሜትር ስለሚሆን፣ ተቃውሞው 0.4 ኦም ያህል ነው፤ ይህም የ8 ኦም ድምፅ ማጉያ 5 በመቶ ነው። ከዚህ ለሚረዝም መስመር ወፍራሞቹ ቁጥር 14 ወይም 12 ይመረጣሉ።

በደኅንነት ረገድ፣ በግድግዳ ውስጥ የሚገባው የድምፅ ሽቦ ለዚሁ የተፈቀደ፣ ሲ.ኤል. 2 ወይም ሲ.ኤል. 3 የሚል ምልክት ያለው መሆን ይገባዋል። የቴሌቪዥኑን የኃይል ገመድ በግድግዳ ውስጥ ማሳለፍ ክልክል ስለሆነ ከስክሪኑ ጀርባ ሶኬት ይዘጋጅለታል። የድምፅ ሽቦና የኃይል መስመር በአንድ ቱቦ አይገቡም፤ መገናኘት ግድ ሲሆንባቸውም በቀጥታ ማዕዘን ይተላለፋሉ። በእንጨቱ ቋሚ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ከጠርዙ 32 ሚሊ ሜትር ካልራቀ የብረት ሳህን ይለበጥበታል፤ ቦርዱን የሚመታው ብሎን ሽቦውን አያይምና።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሁሉም ገመድ እኩል አለማርጀቱ ነው። የድምፅ ማጉያ ሽቦ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ የምስል ገመድ ግን ቶሎ ይሻራል። ኤችዲኤምአይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር፤ በ2017 የወጣው 2.1 ደረጃው በሴኮንድ እስከ 48 ጊጋቢት ያስተላልፋል። የቀድሞውን ገመድ በግድግዳ የቀበረ ሰው ለአዲሱ ሲል ግድግዳውን ያፈርሳል፤ ባዶ ቱቦ የተወ ሰው ግን አሮጌውን ስቦ አዲሱን ያስገባል። ስለዚህ ከአምፕሊፋየሩ ሥፍራ እስከ ስክሪኑ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ መታጠፊያው ጥቂትና ለስላሳ የሆነ ቱቦ ይዘርጋ፤ በውስጡም መሳቢያ ሲባጎ ይቅር። የሚገባው የኦፕቲክ ገመድ ከሆነ አንደኛው ጫፍ ለመሣሪያው፣ ሌላው ለስክሪኑ ስለሆነ አቅጣጫው ሳይገለበጥ ይሳብ።

በመጨረሻም እያንዳንዱ መስመር ይፈተሽ፤ ጫፉ ላይ ስሙ ይጻፍ፤ ግድግዳው ከሜትር ጋር ፎቶግራፍ ይነሣ። የአካባቢው ተቆጣጣሪ ሳያየውም ቦርድ አይመታ። መሐንዲስ ለዘመድና ለወዳጅ ሲሠራ ፈቃዱንና ምርመራውን እንደ ትርፍ ነገር መዝለል ይቃጣዋል። ነገር ግን ቦርዱ ከተመታ በኋላ ባለቤቱ የተሠራውን ማየት አይችልም፤ ልጆቹን የሚያስተኛው በመሐንዲሱ ቃል ላይ ነው። የሙያ ክብር የሚመዘነው በሚታየው ስክሪን ሳይሆን በተሸፈነው ሥራ ነው።