የምጣድ አያያዝ

እንጀራው ከምጣዱ አልነሣ ባለ ጊዜ የምትወቀሰው እንጀራ ጋጋሪዋ ናት፤ ካልሆነም ጤፉ ይታማል። ከመቈጣት በፊት ግን የምጣዱን ፊት መመርመር ይገባል።

የሸክላ ምጣድ ሲያዩት ልስልስ ቢመስልም እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉበት። አዲስ ምጣድ የሚሟሸው ስለዚህ ነው፤ ይኸውም በጋለው ምጣድ ላይ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየተነሰነሰ በጨርቅ ደጋግሞ ሲታሽ፥ ዘይቱ ወደ ቀዳዳዎቹ ይሰርግና በሙቀቱ ኃይል ጠንክሮ ጥቁር ሽፋን ይሆናል። ሊጡን ከሸክላው የሚለየው ይህ ሽፋን ነው። እንግዲህ ምጣዱን በሳሙናና በሽቦ መፈግፈግ (ንጽሕና መስሏቸው እንዲህ የሚያደርጉ አይታጡም) በብዙ ድካም የተገኘውን ነገር አጥቦ መጣል ነው።

በየእንጀራው መካከል ጥቂት ጎመን ዘር ጣል አድርጎ በማሰሻ ማሰስ ይበቃል። የተጣበቀ ሊጥ ቢኖር ምጣዱ ከበረደ በኋላ በእንጨት ይፋቃል እንጂ በቢላዋ አይነካም። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትማ ፈጽሞ አይገባም፤ ሸክላው በድንገት ሲኮማተር ይሰነጠቃልና።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላለው ሰው ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። የሚግለው ሽቦ ከሸክላው ሥር ነው፤ በስንጥቁ ውሃ ወይም ሊጥ የገባ እንደ ሆነ ጋጋሪዋን ኤሌክትሪክ ሊይዛት፥ ሕይወቷንም ሊያሳጣት ይችላል። ስለዚህ ጋገራው አልቆ ምጣዱ ከመጸዳቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል፤ የተሰነጠቀውም ሸክላ «ለዚህ ሳምንት ይበቃል» ሳይባል ይለወጥ።